የጓሮ አፈርም እርሾ አለው

ቤታችንን ሰርተን የገባን ሰሞን ጓሯችን ውስጥ አፈር አለ ለማለት ይከብድ ነበር። መሰረት ሲቆፈር የላይኛው ጥቁር አፈር ተዝቆ ሄዷል። በምትኩ ገረጋንቲ ተደልድሏል፣ እዚህም እዚያም የሲሚንቶ ፍርፋሪ አለበት። ጎመን ተከልኩ። ቢጫ ሆኖ ባለበት ቆመ። ዩሪያ በተንኩ፣ በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ደስ አለኝ። ክረምቱ ሲበረታ ግን ያ ሁሉ ታጥቦ ሄደና ጎመኑ ተመልሶ ገረጣ። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ስመላለስ ከረምኩ።

ነገሩ የገባኝ እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ነው። አፈሩን ዘገን አድርጋ አሸተተችው። «ይሄ እኮ አልቦካም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አፈር የማስበው እንደዚያ ነው። የጤፍ ዱቄት በውሃ ስለተበጠበጠ ብቻ እንጀራ አይሆንም። እርሾ ይፈልጋል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ብርድ ሲሆን ከዚያም በላይ። ቡሃቃው ውስጥ የሚሰሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው፤ እኛ ስራቸውን እናመቻቻለን እንጂ ስራውን አንሰራውም። አፈርም ያው ነው። ገረጋንቲው ውስጥ ማዕድን ነበረ፣ ውሃም አጠጣለሁ። ያጣሁት የሚያቦካውን ነበር።

ጤነኛ የሆነ አፈር 1 ግራም ብትወስዱ እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ፈንገሱ፣ ባክቴሪያ የሚበሉት ጥቃቅን ፍጥረታትና የምድር ትሉ ሳይቆጠር ማለት ነው። ተክሉም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በፀሐይ ብርሃን ከሚሰራው ስኳር ከፊሉን በስሩ በኩል ወደ አፈር ያፈሳል፣ ቀለባቸው ነው። እነሱ ደግሞ በልዋጩ ተክሉ ራሱ ሊደርስበት ያልቻለውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያቀርቡለታል፣ በሽታ አምጪዎችንም ቦታ ያሳጧቸዋል። ዩሪያ ግን ተክሉን ብቻ ያበላል። የአፈሩን ሰራተኞች የሚያበላቸው የበሰበሰ ነገርና የተክል ስር ነው።

መጀመሪያ፣ አፈራችሁ ሕይወት እንዳለው እዩ

የመጀመሪያው ምርመራ በአፍንጫ ነው። ዝናብ እንደጣለ አፈር የሚሸተው ያ ደስ የሚል ሽታ የሚመጣው ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከሚሰሩት መካከል ዋነኞቹ ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። (የሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በ1943 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከእነዚሁ የአፈር ባክቴሪያዎች ነው፤ ይህን ሳውቅ አፈር ስነካ እጄን የማራግፍበት መንገድ እንኳን ተቀየረ።) አፈራችሁ ምንም የማይሸት ከሆነ ተርቧል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ደግሞ አየር አጥቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃል፣ ግን በጣም እወደዋለሁ። ንጹህ ጥጥ የሆነ ጨርቅ ፈልጉ፣ ያረጀ ነጠላ ጥሩ ነው። ጥለቱን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ክሩ ሰው ሰራሽ ሊሆን ስለሚችል አይበሰብስም። የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የሚያህል ቁራጭ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ቦታውን በእንጨት ምልክት አድርጉበት። አፈሩ እርጥበት እንዳያጣ አድርጉ። ከ2 ወር በኋላ አውጡት። ተበሳስቶ፣ ተበልቶ፣ ክር ክሩ ብቻ ከቀረ ሰራተኞቻችሁ በስራ ላይ ናቸው። የእኔ ገረጋንቲ የመለሰልኝ ነጠላ ታጥቦ ሊለበስ የሚችል ነበር።

ቀለባቸው ኮምፖስት ነው

አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፖስት ጥሬ ዕቃ ችግር የለም፣ የምንጥለው ነው። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የአረም ሳር። የበዓል ማግስት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሀብት ነው። ቤት ውስጥ የተጎዘጎዘው ቄጠማ አለ። የበጉ ፈርስ አለ፤ በግማሽ የተፈጨ ሳር ስለሆነ ለአፈር ፍጥረታት የተዘጋጀ ምግብ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ፈርሱን በፌስታል አስሮ ይጥለዋል፣ እኔ ከጎረቤት እየለመንኩ እሰበስባለሁ። ውሻና ዝንብ እንዳይመጣ ክምሩ መሃል ቅበሩት፣ ከላይ በደረቅ ጭድና በአፈር ሸፍኑት።

አሰራሩ ይህን ይመስላል። ክምሩ በቁመትም በጎንም 1 ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል፣ ትንሽ ክምር ሙቀት አይዝም። ከታች ጭራሮ አድርጉ፣ አየር ያስገባል። ከዚያ አንድ ክንድ የማይሞላ ደረቅ ነገር፣ በላዩ የዚያን ግማሽ ያህል እርጥብ ነገር፣ ከዚያ ስስ የእበት ወይም የበግ በጠጥ ንጣፍ፣ ከዚያ አንድ ሁለት እፍኝ አሮጌ ጥቁር አፈር። ይህችን እፍኝ አፈር አትዝለሏት፣ እርሾዋ እሷ ናት። ክምሩ እስኪሞላ ድረስ ይህን ድገሙ፣ በየንጣፉ ውሃ እረጩ። ጨበጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልኩ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣ ደርቋል።

መሃሉ ላይ አንድ ረጅም ዘንግ ሰክታችሁ ተዉት። በየጥቂት ቀኑ ንቀሉና በእጅ ዳስሱት። ትኩስና ወዛም ከሆነ እየሰራ ነው። በደንብ የተሰራ ክምር ውስጡ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ይህ ሙቀት የአረም ዘርንና ብዙ በሽታ አምጪዎችን ይገድላል። ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ወይም በየ2 እና 3 ሳምንቱ ክምሩን ገልብጡት፣ የውጪው ወደ ውስጥ ይግባ። ሽንት ሽንት ከሸተተ እርጥቡ በዝቷልና ጭድ ጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷልና ቶሎ ገልብጡ። ብርድ ባለበት ደጋ 4 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ሲደርስ ጠቁሮ፣ ፍርፍር ብሎ፣ የዝናብ አፈር ይሸታል።

የማላስገባቸውን ልንገራችሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አላበዛም፣ ዘይቱ መብላላቱን ያዘገያል። የጫት ገረባ ጨርሶ አላስገባም፣ ጫት ላይ የሚረጨው ጸረ ተባይ ያሳስበኛል። ሥጋና ቅባት አይጥ ይጠራል። የጠላ አተላ ክምሩ ላይ ጥሩ ነው፣ ቀጥታ ችግኝ ስር ማፍሰስ ግን ልክ አይደለም፣ ኮምጣጣ ነው።

ጥሬ እበትንም በተመለከተ ጥንቃቄ አድርጉ፣ በተለይ ሰላጣና ካሮትን የመሳሰሉ ጥሬያቸውን የሚበሉ ነገሮች ላይ። ጥሬ እበት ከተጠቀማችሁ እስክትለቅሙ ድረስ ቢያንስ 4 ወር ይለፈው። የበሰለ ኮምፖስት ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ መደቡ ላይ የ2 ጣት ውፍረት ያህል በትናችሁ ከላይኛው አፈር ጋር ለስለስ አድርጎ ማደባለቅ በቂ ነው።

ባቄላ ዝሩ፣ ከዚያ ስሩን እዩ

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ግን እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። የጥራጥሬ ወገኖች ዘዴ አግኝተዋል። ስራቸው ላይ ሪዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ያሳድራሉ፣ እሱ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ ማዳበሪያ ይቀይርላቸዋል። ይህን ባክቴሪያ ከስር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ነው፣ በ1888 እ.ኤ.አ.። የእኛ ገበሬ ግን ስሙን ሳያውቀው ስንዴና ጤፍን ከባቄላና ከሽምብራ ጋር ሲያፈራርቅ ኖሯል።

ደጋ ከሆናችሁ ሰኔ ላይ ባቄላ ወይም አተር አንድ መደብ ላይ ዝሩ። አበባ ሲያወጣ አንዱን እግር ሰዉት። ጎትታችሁ እንዳትነቅሉት፣ እብጠቶቹ ተቆርጠው መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ዙሪያውን በመኮትኮቻ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱትና ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ስሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ታያላችሁ፣ ባለሙያዎች ኖዱል ይሏቸዋል። አንዱን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየተመረተ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው የእኛን ደም ቀይ ከሚያደርገው ጋር ከሚቀራረብ ንጥረ ነገር ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው ወይም አይሰራም። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ዕድሜው አልፏል። እኔ የመጀመሪያውን ቀይ ኖዱል ሳይ ልጆቼን ከቤት ጠርቼ ነው ያሳየኋቸው።

ጭራሽ ኖዱል ከሌለስ? ትክክለኛው ባክቴሪያ አፈራችሁ ውስጥ የለም፣ ወይም አፈሩ በጣም ኮምጣጣ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ሁሉም ጥራጥሬ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አይፈልግም። ባቄላ፣ አተርና ምስር አንዱን ይጋራሉ። ሽምብራ የራሱ አለው፣ አኩሪ አተርም የራሱ አለው። ስለዚህ ከደህና ባቄላ ማሳ ያመጣችሁት አፈር ለአተር ይሆናል፣ ለሽምብራ ግን አይጠቅምም።

አገር ውስጥ ሕያው ማዳበሪያ በሚል ስም የሚመረት አለ፣ ለምሳሌ መናገሻ ባዮቴክ የሚያመርተው። ጥቁር ዱቄት መሰል ነገር ነው፣ ውስጡ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ አለበት። ለየትኛው ጥራጥሬ እንደሆነና የአገልግሎት ጊዜው እንዳላለፈ አይታችሁ ግዙ። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ ከሆነ እለፉት። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ትንሽ ስኳር በውሃ በጥብጡ፣ ዘሩን ወዝ እስኪል ብቻ አርሱት፣ ዱቄቱን ነስንሳችሁ ዘሩ ሁሉ እስኪጠቁር ቀስ ብላችሁ አገላብጡት። ይህ ሁሉ ጥላ ስር ይሁን። ከዚያ ወዲያው ዝሩና ወዲያው አፈር አልብሱት፣ ነገ እዘራዋለሁ ብላችሁ አታሳድሩት። ቀለም የተቀባና በመድኃኒት የታሸ ዘር ከሆነ ግን አይሆንም፣ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ባቄላው ላይ ዩሪያ አትጨምሩ። ናይትሮጅን በነጻ ሲያገኝ ስሩ ከባክቴሪያው ጋር መወዳጀቱን ይተወዋል።

ስርን የሚያረዝመው ፈንገስ

ፈንገስ ሲባል ሁላችንም ሻጋታና በሽታ ነው የሚታየን። ግን ከ10 የየብስ እጽዋት 7 ወይም 8ቱ ስራቸው ውስጥ ወዳጅ ፈንገስ ያኖራሉ። ማይኮራይዛ የሚለውን ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ፍራንክ ነው፣ በ1885 እ.ኤ.አ.። ፈንገሱ ከፀጉር በጣም የቀጠኑ ክሮች ዘርግቶ ስሩ ያልደረሰበት ድረስ ይሄዳል፣ ከሁሉ በላይ ፎስፈረስ ያመጣል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከቦታው እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ በተለይ በደጋው ቀይ አፈር ላይ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ተክሉ አጠገቡ እያለ ይርበዋል።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በቆሎ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ቡና፣ ሁሉም ይጠቀሙበታል። ሽንኩርት ደግሞ ስሩ አጭርና የስር ፀጉሩም ጥቂት ስለሆነ ያለ እሱ በጣም ይቸገራል። የማይፈልጉትም አሉ፦ የጎመን ወገን በሙሉ፣ ቆስጣና ቀይ ስር። ስለዚህ ለጎመናችሁ ብላችሁ ማይኮራይዛ የተባለ እሽግ አትግዙ፣ ብራችሁን ያዙ። መደባችሁንም ዓመት እስከ ዓመት ጎመን ብቻ አታድርጉት፣ ፈንገሱ የሚያድርበት ስር አጥቶ ይመነምናል። ጎመን፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ ከዚያ ባቄላ እያላችሁ አዙሩ።

መግዛት ሳያስፈልግ ራሳችሁ ማባዛት ትችላላችሁ። ለዓመታት ካልተቆፈረ ቦታ፣ ለምሳሌ ከአሮጌ አጥር ስር ወይም ከግራር ጥላ፣ ሳር ከበቀለበት አንድ ሁለት ኪሎ አፈር ከነስሩ ውሰዱ። በጀሪካን ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ከአሸዋና ከተራ አፈር ጋር ደባልቁት፣ ኮምፖስት አታብዙበት። በቆሎና ሽንኩርት አንድ ላይ ዝሩበት፣ 4 ወር ያህል ተንከባከቡ። ከዚያ ውሃ ማጠጣቱን አቁሙ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አናቱን ቁረጡና ስሩን ከነአፈሩ ከትክታችሁ ደባልቁት። ችግኝ ስታዛውሩ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ እፍኝ ጣል አድርጉ፣ ስሩን መንካት አለበት። ላይ ላዩን መበተን አይጠቅምም። አፈሩን ድንችና ቲማቲም ጠውልጎ ከሞተበት ቦታ ግን በፍጹም አታምጡ፣ የጠውልግ በሽታን ከነዘሩ ጓሯችሁ ማስገባት ይሆናል።

እንዳይሞቱባችሁ

ፀሐይ ዋነኛ ጠላታቸው ነው። የበጋ ፀሐይ ባዶ አፈርን ሲመታው የላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይጠበሳል፣ አብዛኛው ሕይወት ያለው ደግሞ እዚያው ነው። አፈራችሁን ጎዝጉዙት። ጭድ፣ የታጨደ ሳር፣ የግራቪሊያ ቅጠል፣ ደረቅ ቄጠማ፣ 4 ወይም 5 ጣት ያህል ውፍረት። ግንዱን ግን አያስነኩት፣ ይበሰብሳል። ዝናብ ሲመታም ጉዝጓዙ አፈሩን ከመታጠብ ይይዘዋል።

መቆፈር ቀንሱ። መሬቱን ደጋግሞ መገልበጥ ጥሩ ገበሬ የመሆን ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ይህን መቀበል ከባድ ነው፣ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ግን እያንዳንዱ ዶማ የፈንገሱን ክር ይበጥሰዋል። እኔ አሁን የምቆፍረው ችግኝ የምተክልበትን ጉድጓድ ብቻ ነው፣ ኮምፖስቱን ከላይ አደርጋለሁ፣ የምድር ትል ይዞት ይወርዳል።

ዋልካ አፈር ያላችሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጉና ቦይ አውጡ። ውሃ ያቆረ አፈር ውስጥ አየር የሚፈልጉት ሰራተኞች ይታፈናሉ። ቀይና ኮምጣጣ አፈር ያላችሁ ደግሞ በ1 ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ መበተን ይረዳል፤ ከእበትና ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ አትቀላቅሉት፣ ናይትሮጅኑ በኖ ይሄዳል። እንደ እኔ ጓሮ የሲሚንቶ ፍርፋሪ ያለበት ከሆነ አመድ ጭራሽ አያስፈልገውም፣ ሲሚንቶው ራሱ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል።

የፈንገስ መድኃኒት ቲማቲም ላይ በሽታው ሳይታይ በየሳምንቱ የሚረጩ ሰዎች አሉ። ወደ አፈር የሚንጠባጠበው ወዳጁንም ጠላቱንም አይለይም። በሽታ ስታዩ ብቻ፣ የሚመከረውን መጠን ብቻ ተጠቀሙ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ግን ያን ያህል አያስጨንቃችሁ፣ አፈሩ ቶሎ ያበርደዋል። ሕያው ማዳበሪያ የምትበጠብጡበትን ውሃ ብቻ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አሳድሩት።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ለምትተክሉም ያው ነው። በየዓመቱ አፈሩን ደፍታችሁ አዲስ አትግዙ። አሮጌውን አስቀሩ፣ ሲሶውን ያህል ኮምፖስት ጨምሩበት፣ ከላይ ጎዝጉዙት።

እሸቱን በልታችሁ ስትጨርሱ ባቄላውን አትንቀሉት። ከመሬት ጋር እኩል አድርጋችሁ በመቀስ ወይም በማጭድ ቁረጡት፣ ስሩ ከነኖዱሉ እዚያው ይበስብስ። አገዳውን ከትክታችሁ ለጉዝጓዝ አድርጉት። ጥቅምት ላይ በዚያው መደብ፣ በባቄላው እግሮች መሃል፣ ነጭ ሽንኩርት ሰንጥቃችሁ ትከሉ። ባቄላውን ስትዘሩ ሌላ የነጠላ ቁራጭ ቀብራችሁ ከነበረም አሁን አውጡትና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት።